ድንጋዩ በገደሉ በኩል

አንዲት ሴት ነበረች፤ ባሏን የገደለው ግድግዳ ነው። ልጄ፣ ጥያቄህን አልረሳሁትም፤ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ግን ይህችን ሴት ስማት።

መንደሯ በገደል አፋፍ ላይ ነበረች። በአንድ ወገን መንገድ ያልፋል፤ በሌላው ወገን ገደሉ አለ፤ የክረምቱም ዝናብ ከዚያ ከገደሉ ሽቅብ በነፋስ እየተነዳ ይመጣል። የመንደሩ ሰው ይህን ከልጅነቱ ያውቃል። ያውቃል እንጂ፣ ቤት ሲሠራ የሚያደርገው ሌላ ነው። ጥርብ ድንጋይ በአህያ ተጭኖ ከሩቅ ስለሚመጣ ማንም ከአንድ ግድግዳ በላይ አይደርሰውም። ያቺን አንዷን ግድግዳ ሁሉም በመንገዱ በኩል ያቆማታል። በገደሉ በኩል እንጨት ይተክልና ጭቃ ይመርጋል። መንገደኛ ሲያልፍ «የማን ቤት ነው?» ይላል፤ ባለቤቱም ደረቱን ይነፋል። ክረምት በመጣ ቁጥር የኋላው ጭቃ ይረግፋል፤ በጋ በመጣ ቁጥር ይመረጋል። አባቶቻቸውም እንዲሁ ነበሩ። ሞኝነት ሲወረስ ወግ ይባላል።

የሴትዮዋም ባል እንደ ወጉ ሠራ። አንድ ክረምት ዝናቡ ሳያባራ ሰነበተና በገደሉ በኩል ያለው ግድግዳ ውሃ እንደጠጣ ዳቦ ተንዶ፣ ሰውየው በተኛበት ወደቀበት። የፊቱ ድንጋይ ግን ንቅንቅ አላለም። ለቀስተኛው ሁሉ በዚያ በሚያምረው ፊት በኩል እየገባ አለቀሰ። አንዱማ እንባውን እየጠረገ፣ «መቼም ሟቹ ቤት አሳምሮ ነበር» አለ። ሴትዮዋ ይህን ሰማች።

ክረምቱ ሲወጣ ግንበኛ አስጠራች። «የፊቱን ድንጋይ አፍርሰህ በገደሉ በኩል ገንባልኝ። የመንገዱን ወገን እኔ በጭቃ እመርገዋለሁ» አለችው።

ግንበኛው መዶሻውን መሬት ላይ አስቀመጠ። «እትዬ፣ ሐዘኑ ነው እንዲህ የሚያናግርዎት። ድንጋይ ወደ ገደል አዙሬ ብገነባ ማን ያየዋል?»

«ዝናቡ ያየዋል።»

ግንበኛው ሠራላት፤ ሲጨርስ ግን፣ «እኔ መሥራቴን ለማንም እንዳይነግሩብኝ» ብሎ ለምኗት ሄደ።

መንደሩ ተቆጣ። የሟችን ክብር አፈረሰች ተባለ። በዚያ አገር ለምርጊት ደቦ የተጠራ ሰው ከቀረ፣ ከቀብር እንደቀረ ነው የሚቆጠረው። የእሷ ጭቃ ቦክቶ ደቦ ስትጠራ ግን መንደሩ በሙሉ ቀረ። ስለዚህ እሷና አንዲት ልጇ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ጭዱን ከጭቃው ጋር ራሳቸው ይረግጡ ጀመር። ሁለት ሴቶች የመንደር ሥራ ሲሠሩ ወገባቸው ምን እንደሚሆን አንተው ገምት።

ልጅቱ ታጭታ ነበር። የእጮኛዋ አባት በመንገዱ ላይ ከሁሉ የሚበልጥ የድንጋይ ፊት ያቆመ ባለጸጋ ነው። ወሬው ሲደርሰው ሦስት ሽማግሌዎች ላከ። ልጅቱም እግሯን ታጥባ፣ ነጭ ጥልፍ ቀሚሷን ለብሳ፣ ደጅ ላይ ከጭቃው አጠገብ መቀመጫ አቀረበችላቸው።

«እሜቴ» አሉ ትልቁ ሽማግሌ፣ «ሙሽራ የምትወጣው በፊት በር ነው፤ ሚዜና አጃቢም የሚያየው ፊቱን ነው። ባለጸጋው ልጄን ከጭቃ ደጅ አልድርም ብለዋል። ድንጋዩን ወደ ቦታው ይመልሱት። አለዚያ ቃላችን ፈርሷል።»

ሴትዮዋ የራሷ ጉዳይ ቢሆን እሳት ጎርሳ፣ እሳት ለብሳ ትመልስላቸው ነበር። ይህ ግን የልጇ ኑሮ ነው፤ ልጅቱም እጮኛዋን እንደምትወደው ታውቃለች። ወደ አዲሱ የድንጋይ ግድግዳ ተመለከተች። የልጅቱ መኝታ ከእሱ ሥር ነበር። በግድግዳ ባሏን አጥታለች፤ አሁን ደግሞ በግድግዳ የልጇን ደስታ ልታጠፋ ነው። ፈራች፤ «እሺ» ልትልም አፏን ከፈተች።

ልጅቱ ቀደመቻት። ነጭ ቀሚሷን እንደለበሰች ተነሥታ ጭቃው ውስጥ ገባችና መርገጥ ጀመረች። ጭቃው እየተረጨ ጥልፉን አለበሰው። ዓይኗ እንባ ሞልቷል፤ እግሯ ግን አላቆመም።

እናትየዋ ይህን ስታይ ቀና አለች።

«አባቶቼ፣ ለላካችሁ ሰው እንዲህ በሉልኝ፦ ቤቴ የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ አይሆንም። በዚህ ወግ አንድ ሰው ቀብሬያለሁ፤ ይበቃኛል። ልጄን የሚፈልግ በጭቃው ደጅ ጎንበስ ብሎ ይግባ። የማይፈልግ መንገዱ ሰፊ ነው።»

ነጠላዋንም አደግድጋ ከልጇ ጎን ገባች።

ሽማግሌዎቹ ሄዱ፤ አልተመለሱም። ክረምቱ መጣ። ዝናቡ ከገደሉ ተነሥቶ ድንጋዩን ሲደበድብ፣ እናትና ልጅ ከሥሩ ተኝተው አደሩ። ይህን ማንም አላየም። መጥቶ «ልክ ነበርሽ» ያላትም የለም። መንደሩ ዛሬም ድንጋዩን በመንገዱ በኩል ያቆማል፤ በደጇ ሲያልፍም ይስቃል። እሷም በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ የፊቱን ጭቃ እየመረገች ሰላምታቸውን ትመልሳለች።

አንተ ልጄ፣ ነገ ለፍርድ ትቀመጣለህ። የድሃውን ድንበር የገፋው አጎትህ ነው፤ ይህን አገር ሁሉ ያውቃል። «አባ፣ ዘመድ አዝማዱን አስቀይሜ እውነቱን ብፈርድ ምን ይተርፈኛል?» ብለህ ጠየቅኸኝ። አልዋሽህም። ያቺ ሴት አማች አልተረፋትም፤ ደቦም ምስጋናም አልተረፋትም። አንተንም ከነገ ወዲያ ለሠርግ የሚጠራህ ይጠፋ ይሆናል። ግን ጽናት እንደዚያ መንደር ጥርብ ድንጋይ ነው፤ ለማንም ከአንድ ግድግዳ በላይ አይደርሰውም። ለዘመዶችህ ዓይን ብለህ በመንገዱ በኩል ካቆምኸው ከኋላህ የሚቀርህ ጭቃ ነው፤ ዝናቡ ደግሞ በየት በኩል እንደሚመጣ ታውቃለህ።

ሂድ፤ በገደሉ በኩል አቁመው። ይሳቁ! በመንገድ የሚያልፍ ሰው አንተ ቤት አያድርም። እዚያ የምታድረው አንተ ነህ።