ጳጉሜ ሦስት የተወለደው ልጅ

ወገኖቼ፣ ዛሬ ለመላው ጉባኤ በታላቅ ክብር የማሳውቀው ነገር አለኝ፦ ጳጉሜ ወር ናት። እባካችሁ ተረጋጉ።

አንድ ሰው ነበር። ፀጉሩ ሸበት ካለ በኋላ የሆስፒታል አስተዳደር ሊማር ገባ። በከተማው ያለው ሆስፒታል የሥራ አስኪያጅነቱን ወንበር ይዞ ይጠብቀዋል። የቀረችው የጤና መረጃ አያያዝ ፈተና ናት፤ በእሷ ከወደቀ ወንበሩ ለሌላ ነው።

መምህር ይልቃል ተማሪዎቹን ለፈተናው አንድ አራስ ሕፃን ኮምፒውተር ላይ መዝግቡ አሏቸው። የተወለደው ጳጉሜ ሦስት፣ በሩፋኤል። ኮምፒውተሩ ግን ወሮቹን ሲዘረዝር ነሐሴ ላይ ያበቃል።

ክፍሉ ምን አደረገ? እኔና እናንተ የምናደርገውን። አንዱ ነሐሴ ሠላሳ ብሎ ልጁን ሳይወለድ ወለደው። ሌላዋ መስከረም አንድ ብላ ዓመት አሻገረችው። ማሽኑም ሁሉንም ደስ ብሎት ተቀበለ።

ያ ሰውዬ ግን እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። አጠገቡ ያለችው ልጅ ጠጋ ብላ፣ "ጋሼ፣ አንዱን ይንኩና ይውጡ፤ ሕፃኑ እንደሆነ አይከስዎትም" አለችው።

አልነካም። ሰዓቱ ሲያልቅ መምህሩ ባዶውን ስክሪን አዩና፣ ሁሉም አስገብቷል፣ እርስዎስ አሉት።

"እነሱ ያስገቡት ሌላ ልጅ ነው" አለ። "የዚህ ልጅ ክትባት የሚቆጠረው ከተወለደበት ቀን ነው። ፕሮግራሙን የሠራው ሰው ይጠራና ወሯን ይጨምር። እኔ እጠብቃለሁ።"

እጠብቃለሁ! ወንበሩ እያመለጠው!

እስቲ ልጠይቃችሁ። ሰውና ቅጽ አልገጥም ሲሉ የምትቆርጡት ማንን ነው? ቅጹን ወይስ ሰውየውን? እድር ስትመሩ፣ ቢሮ ስትመሩ፣ ቤታችሁን ስትመሩ፣ ከዝርዝራችሁ ያጣችሁትን ስንቱን ሰው ወደ ቅርቡ ነሐሴ ገፋችሁት? ባሏን የፈታችውን እህት የት መዘገባችኋት? ለመዘምራን ድምፅ፣ ለስብከት አንደበት የሌለውን ወንድምስ? ፈጣሪ እኛን ሲመዘግብ እንዲህ ቢቸኩል ኖሮ፣ ዛሬ እዚህ የተቀመጠው ማን ነበር?

ስለዚህ እጃችሁ ወደሚቀርበው ወር ሲሄድ ያን ሰውዬ አስቡት። አትንኩ። ጠብቁ።

ውጤቱን ልትጠይቁኝ ነው፤ አውቃችኋለሁ። ተለጠፈ፤ ያለፈው እሱ ብቻ ነበር። ተማሪዎቹ ግር ብለው መምህር ይልቃል ቢሮ ገቡ። ባዶ ስክሪን ያስረከበ ሰው አልፎ እኛ የሞላነው እንዴት እንወድቃለን፣ ያስረዱን እንጂ አሏቸው።

መምህሩ ሻያቸውን ፉት አሉ።

"አላስረዳም።"