ከሦስተኛው ደርብ በላይ

አንድ ሰው ነበረ፤ ሥራው ግንበኝነት ነበር። አንተ ደርበው፣ «ልጄን በዱላ አሳደግሁት፤ አሁን ድምፄን ሲሰማ በጓሮ በር ይወጣል። ከእንግዲህ ብለሳለስስ ምን ይጠቅማል?» ብለህ ስለጠየቅኸኝ ነው የዚህን ሰው ነገር የማነሣልህ። ቁጭ በልና ስማኝ።

የዚህ ሰው አያት በአንዲት ትንሽ ከተማ ባለ ስድስት ደርብ የድንጋይ ግንብ ሠርቶ ነበር። ግንቡ ዘመመ። ከሩቅም ከቅርብም ሰው ያን ጉድ ለማየት ይመጣል። ግንበኛው ግን አንድ ቀን እንኳ ሄዶ አያውቅም፤ ያፍር ነበር። ስለ አያቱ ሲጠይቁት «ሸማኔ ነበር» ይላል፤ ለገዛ ልጆቹም የነገራቸው ይህንኑ ነው።

ጸጉሩ ከሸበተ በኋላ ልቡ እንቢ አለውና ሄደ። ከጎብኚዎቹ ጋር ተቀላቅሎ ቆመ። አስጎብኚው ሳቅ የማይለየው ወጣት ነበር። «ይህን የሠራው ሰው ጠጅ ሳይጠጣ ድንጋይ አያነሣም ነበር አሉ» ሲል ሰዉ ሳቀ። ግንበኛውም አብሮ ሳቀ። በዚያ ሳቅ እስኪሞት ድረስ ሲጸጸት ኖሯል።

ከዚያ ደረጃውን ወጡ። ግንበኛ ግድግዳ ሳይነካ አያልፍምና ድንጋዮቹን እየዳሰሰ ወጣ። እስከ ሦስተኛው ደርብ ድረስ ድንጋዩ ሁሉ እኩል ነው። ከዚያ በላይ ግን ግንቡ በሰመጠበት በኩል ያሉት ድንጋዮች ከሌላው ወገን ይወፍራሉ፤ እዚህ በአንድ ጣት፣ እዚያ በሁለት፣ እስከ ጫፉ። ሰውየው ቆመ። ግንበኞች የግድግዳን ቀጥታ የሚለኩበትን ቱንቢ ከኪሱ አውጥቶ በላይኛው ግድግዳ ላይ ለቀቀው። ገመዱ ከግድግዳው ሳይርቅ ቀጥ ብሎ ወረደ፤ የላይኛው ግድግዳ አልዘመመም።

«ይህ ሰው አልሰከረም» አለ። «መሠረቱ እንደሚሰምጥ ያወቀው ሦስተኛው ደርብ ላይ ሲደርስ ነው። ጥሎ መጥፋት ይችል ነበር፤ ቀረ። ግንቡ በሰመጠ ቁጥር ድንጋይ እያወፈረ ጨረሰው። ያን ባያደርግ ኖሮ ዛሬ የምንቆምበት አይኖርም ነበር።»

«እርስዎ ይህን በምን አወቁ፣ አባቴ?» አለ አስጎብኚው።

«እኔም ግንበኛ ነኝ። ሰውየውም አያቴ ነው።» ይህን ለሰው ሲናገር የመጀመሪያው ነበር። ከቆሙት የሳቀ አልነበረም።

እንግዲህ ደርበው፣ ያ ግንብ ያንተ አባትነት ነው። የታችኛውን ድንጋይ መንቀል አትችልም፤ ልጁ ተመትቶ አድጓል። መዝመሙ አይጠፋም፣ ሰውም ያየዋል፣ ልጅህም አይረሳውም። አልዋሽህም። ነገር ግን መዝመሙን ዛሬ አውቀሃል፤ ልጁ ገና አሥራ አራት ዓመቱ ነው፤ ያልተሠራ ሦስት ደርብ አለህ። አሁን ቤት ስትደርስ ደጅ ቆመህ ስሙን በዝግታ ጥራው። በጓሮ በር ከወጣ አትከተለው። ነገም እንደዚያው አድርገህ ጥራው።