የማን ፍም ይግባ?

በአንድ ወቅት፣ ነፋስ በማያርፍበት የአየርላንድ ባሕር ጠረፍ፣ ሦስት የአንድ እናት ልጆች ነበሩ። ኮልም የጭነት መኪና ሾፌር፣ ኑላ ባሏ የሞተባት፣ ዶናል የወደብ ጫኝ። ሦስቱም የየራሳቸው ምድጃ ነበራቸው።

በሩቅ አገር ጦርነት ተነሣ። ኮልም ከመንደሩ ሰው ብርድ ልብስና ድንች ሰብስቦ ወደዚያው ነዳ። ከሚነድ ከተማ ሚርሳዳ የምትባል ሴት ከነሕፃን ልጇ አወጣ። ሽማግሌ አባቷን ግን «ቦታ የለም» ብሎ መንገድ ላይ ተዋቸው።

ኑላ ቤቷ ተቀብላ አልጋዋን ለቀቀችላቸው። ወንበር ላይ እያደረች የታመመውን ሕፃን ከሞት አፍ መለሰችው። እሑድ እሑድ ግን እንግዳ ትጠራና «እስቲ እንዴት እንዳመለጥሽ ንገሪያቸው» ትላታለች። ሚርሳዳ ትናገራለች፤ እነሱ ሻይ ይጠጣሉ።

ዶናል ለዚያ ጦርነት የሚላከውን የመድፍ ጥይት አልጭንም አለ። ጓደኞቹም እሱን አይተው እምቢ አሉ፤ መርከቧ ባዶዋን ሄደች። እሱ ከሥራ ተባረረ፤ ልጆቹ ጦማቸውን አደሩ። ግን እምቢ ያለው ዘንድሮ ነው። አምና ሲጭን ነበር።

ብርዱ ሳይበረታ መንደሩ በደቦ አንድ የፈረሰ ጎጆ አድሶ ለሚርሳዳ ሰጣት። በዚያ አገር የአዲስ ቤት የመጀመሪያ እሳት ከሌላ ሰው ምድጃ በፍም ይመጣል። ፍሙን የሰጠ ሰው ለሰርግም ለለቅሶም ዘመድ ነው። ክብሪት የጫረ ዘመድ የለውም። መራጯ ደግሞ የቤቱ ባለቤት ናት። ሦስቱ ግን ማንም ሳይጠራቸው በባልዲ ፍም ይዘው ደጃፏ ላይ ተገናኙ።

«ያወጣኋት እኔ ነኝ!» አለ ኮልም።

«አውጥተህ እኔ ላይ ጣልካት እንጂ! ያኖርኳት እኔ፤» አለች ኑላ።

«እናንተ የተቃጠለ ታነሣላችሁ። እኔ የሚያቃጥለውን ከለከልኩ፤» አለ ዶናል።

«አምናስ ማን ነበር ያቀበለው፣ የኔ ጀግና?» አለችው እህቱ።

ሚርሳዳ ልጇን አቅፋ ወጣች።

«ቤቴን የበላው እሳት ነው፤ እናንተ ደግሞ በእሳት ትጣላላችሁ! አንተ አባቴን ጥለህ መጣህ። አንቺ ለቅሶዬን የሻይ ማጣጫ አደረግሽው። አንተስ፣ ቤቴን ያፈረሰው በእጅህ ያለፈው እንዳልሆነ በምን ታውቃለህ?»

ነፋሱ የሦስቱንም ፍም አመድ እያለበሰው ነው። የሕፃኑ ከንፈር በብርድ ጠቁሯል። በመቀነቷ አንድ ክብሪት አለ፤ በአገሩ ግን አንድ ዘመድ የላትም።

እናንተ የሰማችሁ፣ ፍሙ ሳይከስም ፍረዱ፤ የማን ይግባ? ወይስ ክብሪቷን ትጫር?