የደረቀው ቡሽ

ወይዘሮ ደብሪቱ ወደ መምህሩ መጥታ ጠየቀች። «አባ፣ ልጄ ከዐረብ አገር ከተመለሰች አምስት ወሯ ነው። እዚያ ምን እንደደረሰባት አትነግረኝም። ጠዋት እጠይቃታለሁ፣ ማታ እጠይቃታለሁ። ትላንትማ ‹ካልተናገርሽ ከቤቴ ውጪ› አልኳት። ምን ባደርግ ነው የምትነግረኝ?»

መምህሩ ይህን አጫወቷት።

አንድ ባለጠጋ ነበረ። ታናሽ ወንድም ነበረው፤ ሁለቱ በአባታቸው መሬት ተጣልተው ዐሥራ ሁለት ዓመት ሳይነጋገሩ ኖረዋል። አባትየው ወይን ተካይ ነበሩና ሲሞቱ በእጃቸው የጠመቁትን ሁለት ጠርሙስ የወይን ጠጅ ትተው፣ «በአንድ ማዕድ ስትቀመጡ ጠጡት» ብለው ተናዘዙ። ባለጠጋው ጠርሙሶቹን ከምድጃው በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ አቁሞ አስቀመጣቸው።

ሽማግሌዎች ብዙ ከተመላለሱ በኋላ ታናሹ «እሺ፣ አንድ ቀን መጥቼ ምሳ እበላለሁ» አለ። ባለጠጋው ደስ ብሎት ሰንጋ አረደ፣ ጎረቤቱን ሁሉ ጠራ። ወንድሙ ግን ገብቶ በሩ አጠገብ ተቀመጠ፤ ጋቢውንም ከትከሻው አላወረደም። ባለጠጋው ይህን ሲያይ ልቡ ፈራ። የአባታችን ወይን ሲቀርብ ፊቱ ይፈታል ብሎ አሰበና አንደኛውን ጠርሙስ አስመጣ።

የቡሽ መንቀያውን ሰክቶ ሳበ። ቡሹ ንቅንቅ አላለም። ጠርሙሱን በጉልበቶቹ መካከል ይዞ እንደገና ሳበ፤ የቡሹ ራስ ተፈርፍሮ ወጣ፣ የቀረው የጠርሙሱ አንገት ውስጥ ተቀረቀረ። ሰዉ ሁሉ ያየዋል። ላብ አጠመቀው።

«ወንድም ጋሼ፣ ቀስ በል እንጂ» አለ ታናሹ።

«ተወኝ! በገዛ ቤቴ አንድ ቡሽ ያቅተኛል?»

ቢላዋ አንሥቶ ቡሹን ጎረጎረው። እምቢ ሲለው በቢላዋው ጀርባ የጠርሙሱን አንገት መታው። ጠርሙሱ ተሰበረ። ወይኑ ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ፤ ከታች የቀረውም ስብርባሪ ገብቶበት የማይጠጣ ሆነ። የባለጠጋው መዳፍ ተቆርጦ ይደማ ጀመር።

ታናሹ ተነሣ። «መሬቱንም የወሰድክብኝ እንዲሁ ነው» አለ። «ያኔም ቀስ በል ብዬህ ነበር። አልሰማኸኝም።»

ባለጠጋው የሚያደርገው ጠፋው። ወንድሙን ለማስቀረት የቀረውን ጠርሙስ ከመደርደሪያው አነሣና በሚደማ እጁ ያንኑ መንቀያ ሊሰካ ሲል፣ በአባቱ ዘመን የወይኑን ቦታ ይጠብቁ የነበሩ አንድ አዛውንት ጠርሙሱን ከእጁ ወሰዱት። ወስደውም በጎኑ አስተኙት።

«ምን ማድረግዎ ነው?» አለ ባለጠጋው።

«ልጄ፣ ቡሹ ክፉ ሆኖ አይደለም» አሉት። «ጠርሙሱን ዐሥራ ሁለት ዓመት አቁመኸው ደርቆ ነው። ወይኑ ከታች ነው፣ አይደርሰውም። አሁን ተኝቶ ይቆይ፤ ወይኑ ራሱ እያረጠበ ያለሰልሰዋል። አራት ቀን ስጠው።»

ባለጠጋው ጠርሙሱን አየ፣ ወንድሙን አየ። ማንንም ለምኖ በማያውቅ አንደበቱ «አራት ቀን ትቆይልኛለህ?» አለው። ታናሹ ግን ወጥቶ አልሄደም፤ ከነጋቢው ተመልሶ ተቀመጠ።

በመጀመሪያው ቀን ስለ ዝናብና ስለ ከብት ብቻ አወሩ። በሁለተኛው ቀን አባታቸው ወደተከሉት ወይን ወርደው የደረቀውን ቅርንጫፍ ሲቆርጡ ዋሉ። በሦስተኛው ቀን ታናሹ ማንም ሳይጠይቀው ጀመረ። መሬቱ በተወሰደበት ዓመት ሚስቱ በምጥ እንደሞተች፣ ወንድሙም ለቀብሯ እንኳ እንዳልመጣ ተናገረ። «አልሰማሁም ነበር እኮ» የሚል ቃል ባለጠጋው ምላስ ላይ ደረሰ። ዋጠው። ወንድሙ እስኪጨርስ አዳመጠና አለቀሰ። ከዚያም «መሬቱን ውሰድ» አለው።

በአራተኛው ቀን መንቀያውን ቀስ ብሎ አዞረ። ቡሹ ትንሽ ወጣና ቆመ። እሱም ቆመ። ጥቂት አሳርፎ እንደገና ሳበው፤ ሙሉውን ወጣ። ወይኑ ያን ሁሉ ዘመን ከምድጃ በላይ ኖሯልና ኮምጠጥ ብሎ ነበር። ሁለቱ ወንድማማቾች ጠብታ ሳያስቀሩ ጠጡት።

መምህሩ ይህን ጨርሰው ወደ ወይዘሮ ደብሪቱ ዞሩ።

«ቡሹ የልጅሽ ዝምታ ነው። በጥያቄ የምትስቢው አንቺ ነሽ። ትላንት ‹ውጪ› ስትያት የጠርሙሱን አንገት መምታትሽ ነበር፤ እግዚአብሔር አተረፈሽ እንጂ በእጅሽ ላይ ትሰበር ነበር። በጉልበት ብታናግሪያት ቃሏ ስብርባሪ የገባበት ይሆናል፤ እሷም አንቺም ትቆስላላችሁ። ክፉ ሆና አይደለም የዘጋችብሽ። ያን ሁሉ ጊዜ ብቻዋን ቆማ ደርቃ ነው። አሁን አሳርፊያት። አብረሻት ሽንኩርት ክተፊ፣ ፀጉሯን ሥሪያት፣ ስለ ጎረቤት አውሪያት። በውስጧ ያለው ራሱ መውጫውን ያለሰልሰዋል። ሲወጣ ግን ጣፋጭ ላይሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ፊትሽን ሳታዞሪ ጠጪላት።»

እናትየዋ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። «ስንት ቀን ልጠብቃት አባ?»

«ለቡሹ አራት ቀን በቃው» አሉ መምህሩ። «የልጅሽን እኔ አላውቀውም። አንቺም አትቁጠሪው።»