ለሁለት ሰፈር ያመነታው ልብስ ሰፊ

በሾላ መገንጠያ ከተማ አንድ ሰው ሲያቅማማ ሲያቅማማ ቆይቶ ነገሩን ሌላ ሰው ከፈጸመው፣ ሰዉ በአንዲት ተረት ይስቅበታል። ተረቷን እንግዳ ሲሰማት ትንሽ ነውር ትመስለዋለች። መነሻዋን ሲነግሩት ግን እሱም ይስቃል።

ሾላ መገንጠያ በወንዝ ለሁለት የተከፈለች ትንሽ ከተማ ናት። ምርጫ በመጣ ቁጥር ላይ ሰፈር የሚመርጠው መሰላልን ነው፤ ታች ሰፈር ድስትን። የመሰላሉ ፓርቲ ምን እንደሚል፣ የድስቱም ምን እንደሚያስብ የሚጠይቅ የለም። ላይ ሰፈር ዛሬ ይዘንባል ካለ ታች ሰፈር በርበሬውን ያሰጣል። የታች ሰፈር ልጅ ላይ ሰፈር ብታገባ እንኳ ድስቷን ትታ አትሄድም።

በዚያ ዓመት ግን ነገሩ ጠጠር አለ። ለከተማዋ አንድ ወፍጮ ሊተከል ነው፤ ያሸነፈውም ወደ ሰፈሩ ሊወስደው ነው። የሁለቱ ሰፈር መራጭ ደግሞ ቢቆጠር ቢቆጠር እኩል ሆነ። ወዲህም ወዲያም ያልሆነው የቢያድግልኝ ቤት ብቻ ነበር።

ቢያድግልኝ ከሌላ አገር መጥቶ ድልድዩ አፍ ላይ ቤት የሠራ ልብስ ሰፊ ነው። አንድ ቀን የመሰላሉ ተወዳዳሪ አቶ ደምሰው ሱሪ ሊያሳጥሩ መጡና፣

“ለመሆኑ ማንን ልትመርጥ አሰብክ?” አሉት።

ቢያድግልኝ በእውነት አላሰበበትም። “እያመነታሁ ነው፣ ጋሼ” አለ።

“እንግዲያው ቤት ና፤ ምሳ እየበላን እንነጋገርበታለን።”

ምሳው ዶሮ ወጥ ነበር። የድስቱ ተወዳዳሪ አቶ ይመር ወሬውን ሲሰሙ ጊዜ ሳይሰጡ ጠሩት፤ እዚያ ደግሞ ጥብሱ እየተንጫጫ ቀረበ። ቢያድግልኝ በዕድሜው ያላወቀውን ነገር ያን ሳምንት አወቀ፤ ማመንታት ለካ ያወፍራል። ከዚያ ወዲህ ላይ ሰፈር ሲጠሩት “ልቤ ወደ ድስቱ ሸርተት እያለብኝ ነው” ይላል። ታች ሰፈር ሲጠሩት “መሰላሉ በሕልሜ መጣ” ይላል። ጉርሻው ቀዝቀዝ ሲልበት “የሚስቴም ድምፅ እኮ በእኔ እጅ ነው” ብሎ ያሞቀዋል።

ሚስቱ አስካለ እህል ተሸክማ እስከ ጎረቤት ከተማ እየሄደች የምታስፈጭ ሴት ናት። “አንዱን ምረጥና ተገላገል” አለችው።

“የወሰነን ሰው ማን ይጋብዘዋል?” አላት ቀበቶውን እያላላ።

“እኔንስ ማን ጠየቀኝ?”

“አንቺ ምን ቸገረሽ፤ ለሁለታችንም እኔ እየበላሁ ነው።”

አስካለ ሽሮዋን ማማሰሏን ቀጠለች።

የምርጫው ዋዜማ ሁለቱም ሰፈር የመጨረሻቸውን ደገሱለት። ላይ ሰፈር ጥሬ ሥጋ ቆረጠ። ቢያድግልኝ እሱን በልቶ በቀጥታ ታች ሰፈር ወረደና ክትፎ በላ፤ በላዩም እምቢ ማለት ነውር ነው ብሎ እርጎ ጠጣበት።

ሲነጋ ቢያድግልኝ ጓሮ ካለው ሽንት ቤት ገብቶ ቀረ። አቶ ደምሰውና አቶ ይመር በቆርቆሮው በር ግራና ቀኝ ቆሙ።

“ቢያድግልኝ፣ ወረፋው እያለቀ ነው እኮ” አሉ አቶ ደምሰው።

“መጣሁ፣ ጋሼ” ይላል ከውስጥ። ብቅ ይልና ከአጥሩ ሳይደርስ ሱሪውን ይዞ ይመለሳል። አቶ ደምሰው ፌጦ በሎሚ አስበጥብጠው አመጡ። አቶ ይመር የተቃዋሚ መድኃኒት አያሽርም ብለው በጤና አዳም የፈላ ውኃ አስመጡ። ማንንም ላለማስቀየም ሁለቱንም ጠጣ። ያን ጊዜ ባሰበት።

በዚህ መሐል አስካለ ነጠላዋን ጣል አድርጋ፣ የምርጫ ካርዷን ይዛ በመካከላቸው አለፈች። “ደህና ዋሉ” ስትላቸው ዞር ብለው እንኳ ሳያዩ አሳለፏት። መርጣ ተመለሰች፤ የሽንት ቤቱ ጉባኤ ግን አልተበተነም ነበር። ምርጫው ተዘጋ።

ድምፅ ሲቆጠር ድስት በአንድ በለጠ። ላይ ሰፈር ግልብጥ ብሎ ወደ ልብስ ሰፊው ቤት መጣ። የምርጫው ታዛቢ የነበሩት ሽማግሌ አባባ ዋሴም ጠብ እንዳይነሳ ብለው ተከተሉ።

“በላኸን፣ ቢያድግልኝ” አሉት አቶ ደምሰው።

ቢያድግልኝ ፊቱ አመድ መስሎ አውራ ጣቱን አሳያቸው። ቀለም የለበትም። “ኧረ እኔ አልመረጥኩም፣ ጋሼ። ከየት ወጥቼ?”

የሁሉም ዓይን ወደ አስካለ ጣት ዞረ። ጣቷ ጠቁሯል። ቢያድግልኝም የሚስቱን ጣት ገና ያን ዕለት ያየው ይመስል ፈዞ ቀረ።

“ምነው ልጄ፣ ድስቱ ምን አደረገልሽ?” አሉ አቶ ደምሰው።

“ምንም። ታች ሰፈር ሜዳ ነው፣ የእናንተ ዳገት። እህል ተሸክሜ ወደ ወፍጮ ዳገት አልወጣም ብዬ ነው።”

“ቀድመሽ ብትነግሪን ምን ነበረበት?”

“እኔ እኮ እዚሁ ነበርኩ፣ ጋሼ።”

ቢያድግልኝ ሊናገር አፉን ከፈተና ሆዱን ይዞ ወደ ጓሮ ሮጠ። አባባ ዋሴ የሚሮጠውን ባልና የቆመችውን ሚስት ተራ በተራ አይተው፣ በከዘራቸው ላይ ደገፍ አሉና፣ “እንግዲህ ምን ይደረጋል፤ የበላ ሲያምጥ፣ ያልበላ መረጠ” አሉ።