የተቆጣጣሪዋ አህያ ቀለብ

አንድ ጊዜ፣ ከወንዙ ማዶ ባለው ጥቅጥቅ ጫካ ግልገሎች ሁሉ ማሳል ጀመሩ። ብርድ መትቷቸው አይደለም፤ ትምባሆ ለምደው ነው። ገና ጡት የተዉት ሳይቀሩ ቅጠሉን ጠቅልለው ጭስ ሲያቦንኑ ይውላሉ። በዚያ በጋ ሰደድ እሳት ሲነሳ፣ የእመት ሚዳቋ ልጅ ከእናቱ እኩል መሮጥ አቃተው። ሲያስል፣ ቆም ሲል፣ እንደገና ሲያስል እሳቱ ደርሶ ጭራውን ለበለበው። እግዜር አወጣው እንጂ አልቆለት ነበር።

ንጉሡ አያ አንበሶ ይህን ሲሰማ አገሳና አዋጅ አስነገረ።

«ለግልገል ትምባሆ የሸጠ፣ ሱቁ ይዘጋል!»

አዋጁ መልካም ነበር። ማን ይቆጣጠር ሲባል ውሻ ተሾመ። ቀለብ ግን አልተቆረጠለትም። የንጉሡ አማካሪ አያ ቀበሮ፣ «ጎተራችንን ለምን እናጎድላለን? በሚቆጣጠርበት ቤት ይብላ» ብሎ መክሮ ነበርና። ትምባሆ የሚሸጠው ደግሞ አያ ጅቦ ነው። ውሻ ወደ ጅቦ ሱቅ ሄደ፣ አጥንት ተጣለለት፣ አጥንቱን ግጦ ተመለሰና «ሁሉም ደኅና ነው» አለ። በሌላም ቀን ሄደ፤ ያው ደኅና ነው። ውሻ በበላበት ይጮኻል የተባለው ለካ እውነት ነው። ግልገሎቹ ማሳላቸውን አላቆሙም።

ውሻ ተሻረና እመት አህያ ተሾመች። ጫካው በሳቅ ፈረሰ። አህያ በጅብ ላይ ትሾም! «እንግዲህ ቀለቡ የተቆረጠው ለጅቦ ነው» እያሉ የቀለዱም ነበሩ።

እመት አህያ ፈሪ ነበረች፤ አንዋሽ። ግን ጸሎተኛ ነበረች። ጠዋት ተነስታ ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ፣ «ፈጣሪዬ ሆይ፣ ጀርባዬን ለጭነት ሠርተኸዋል፤ ይህንንም ጭነት አንተው አሸክመኝ» አለችና መንገድ ጀመረች።

አያ ጅቦ ከሾላው ሥር፣ ሱቁ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ከሩቅ አያት። ምራቁን ዋጠ። ወዲያው ወዳጁ ቀበሮ «ተቆጣጣሪን አብላው እንጂ አትብላው» ብሎ የመከረው ትዝ አለውና ፈገግ አለ።

«እመት አህያ! እንዴት አደርሽ? ግቢ፣ ግቢ እንጂ! ደክሞሻል። ይኸው ገብስ፣ አዲስ የተወቃ።»

ገብሱ በቁና ሙሉ ቀርቧል። እመት አህያ ከትናንት ጀምሮ ከደረቀ ሣር በቀር በአፏ የገባ የለም።

«እግዜር ይስጥልኝ፤ አልበላም» አለች።

«ምነው፣ ጾም ገባ እንዴ?»

«ጾምስ አልገባም። ገብስህን ከበላሁ ግን አፌ ያንተ ይሆናል።»

ጅቦ አልገባውም። አንገቱን አከከ።

«አፍሽን ምን አደርገዋለሁ? እኔ የምወደው ታፋ ነው» አለና ሳቀ። ከዚያ ጥርሱን አሳያት። «ስሚ፤ ወይ ገብሱን ትበያለሽ፣ ወይ እኔ አንቺን እበላለሁ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ሲባል አልሰማሽም?»

እመት አህያ ከቆመችበት አልተንቀሳቀሰችም።

«ሰምቻለሁ። ባሌን ቤት ትቼው የመጣሁትም ለዚሁ ነው። እኔ የያዝኩት ፈጣሪዬንና የንጉሡን አዋጅ ነው። የንጉሥ መልእክተኛ ብላና፣ አንተን ደግሞ ማን እንደሚበላህ ታያለህ።»

ጅቦ የአንበሳውን ክርን አሰበና አፉን ገጠመ።

እሷም ከሱቁ ፊት ለፊት ቆማ መጠበቅ ያዘች። ሆድ ግን አዋጅ አያውቅም። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ዓይኗ ጭጋግ ለበሰ፤ ሣር ልትግጥ ወደ ሜዳው ወረደች። ይህን ጊዜ ግልገሎቹ ከየቁጥቋጦው ወጥተው ሱቁን ወረሩት። ስትመለስ ያገኘችው ጭሱን ብቻ ነው። ሰጪውን እጅ አላየችም። ሁልጊዜ እንዲሁ ሆነ፤ ስትጠብቅ ትራባለች፣ ልትበላ ስትሄድ ያመልጧታል። የጎድን አጥንቷ ወጣ።

በመጨረሻ በንጉሡ ችሎት ቀረበችና መሬት ስማ ተናገረች።

«ንጉሥ ሆይ፣ ቀለብ ይቆረጥልኝ።»

አያ ቀበሮ ከንጉሡ አጠገብ ብድግ አለ።

«አቤት ድፍረት! የመንግሥት ጎተራ ለአህያ ሆድ ይከፈት? ጅቦ ገብስ አቅርቦልሽ እምቢ አልሽ አሉ። ኩሩ! እህል በነፃ ሲገኝ የድሆቹን እህል ለምን እንነካለን?»

አነጋገሩ ለጆሮ ደስ ይላል። አንዳንዶቹ «እውነቱን ነው» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

እመት አህያም፣ «አያ ቀበሮ፣ በነፃ አይደለም» አለች። «ውሻ የጅቦን አጥንት ሲግጥ ዋጋውን ማን ከፈለ? የእመት ሚዳቋ ልጅ በጭራው ከፈለ። እኔ ድግስ አልጠየቅሁም። ዓይኔ ሱቁ ላይ እንዲውል ሆዴን ያዙልኝ ነው ያልኩት።»

ቀድማ የተነሳችው እመት ሚዳቋ ናት። ለልጆቿ ካስቀመጠችው እህል እፍኝ ዘግና ከንጉሡ ጎተራ አፍ ላይ አፈሰሰች።

«ይህን ለአህያችን» አለች።

ከኋላዋ ዝንጀሮ ተነሳ፣ አጋዘን ተነሳች፣ ጃርት እንኳ ከጉድጓዱ ወጥቶ የድርሻውን አመጣ። አያ አንበሶ ጋማውን አራግፎ ፈረደ።

«ቀለቧ ከጎተራ ይሰፈር። ነገር ግን ክረምቱ እስኪገባ ነው። እስከዚያ ለግልገል የሸጠ ካላገኘሽ፣ ጎተራው ይዘጋል፣ ቁጥጥሩም ይቀራል።»

ከዚያ ወዲያ እመት አህያን ያየ ሁሉ ደስ ይለዋል። ጠዋት ቀለቧን በልታ፣ አምላኳን አመስግና ትወጣለች። ሱቁ ሲከፈት አለች፤ ሲዘጋም አለች። ጅቦ ገብስ ሲያቀርብ፣ «በልቼ ነው የወጣሁት፣ እግዜር ይስጥልኝ» ትለዋለች። ጅቦም ብልጥ የሆነ መስሎት እሷ ፊት ለፊት ስትቆም መሸጡን ተወ፤ በጓሮው ቀዳዳ ማቀበል ጀመረ። ዝናቡ ማጉረምረም ሲጀምር እመት አህያ ገና ምንም አልያዘችም።

ይህን ጊዜ እመት ሚዳቋ መጣች።

«እህቴ፣ እኔ ቁመቴ አጭር ነው፤ እንደ ባሌም ቀንድ የለኝም። ስንቱ ግልገል ብሎ ይጠራኛል! በጓሮ እንደሚሸጥ ልጄ ነግሮኛል፤ በዚያው ልሂድለትና ይየኝ።»

ሄደች። ለዋጋው አንድ አጥንት በቀዳዳው አስገባች፤ አንድ ጥቅል ትምባሆ ወጣላት። ከጓሮው ጥሻ ውስጥ የተደበቀችው እመት አህያ በዓይኗ በብረቱ አየች። አናፋች! እንዲህ ያለ ማናፋት በዚያ ጫካ ተሰምቶ አያውቅም። እፍኝ የሰጠ ሁሉ «አህያችን ምን ሆነች?» እያለ ሮጦ መጣ፤ ንጉሡም መጣ።

ቀበሮም አልቀረም። ትምባሆውን አየ፣ ሚዳቋን አየ፣ ጺሙን ላሰ።

«ንጉሥ ሆይ፣ እመት ሚዳቋ ግልገል ናት እንዴ? ወልዳ ያሳደገች እመቤት! አዋጁ ለግልገል አትሽጡ ይላል እንጂ ለእናት አትሽጡ አይልም። ጅቦ ምን አጠፋ?»

እመት አህያ ክው አለች። ይህን አላሰበችበትም። ክረምቱ ደጃፍ ላይ ነው፤ ጎተራው ሊዘጋ፣ ግልገሎቹ ለጅቦ ሊቀሩ ነው። ዓይኗን ጨፍና «አደራህን» አለች በሆዷ። ሌላ ብልኀት ስላልመጣላት፣ ማወቅ የፈለገችውን ብቻ ጠየቀች።

«አያ ጅቦ፣ እናት መሆኗን አውቀህ ነው የሸጥክላት?»

ቀበሮ በዓይኑ ጠቀሰው። ጅቦ ግን አላየውም። እጁ ላይ ያለችውን ብቸኛ አጥንት ትክ ብሎ እያየ ነበር። ፊቱ ጠቆረ።

«እናት ናት?» ብሎ ጮኸ። «ታዲያ አታላኛለቻ! ለትልቅ እኮ ሁለት አጥንት ነው! ግልገል መስላኝ በአንድ ሰጠኋት! ለግልገል የምቀንሰው እንዲለምዱልኝ ብዬ ነው እንጂ ለእናቶቻቸው መቼ ቀንሼ አውቃለሁ? ንጉሥ ሆይ፣ ይፍረዱኝ፤ የጎደለችውን አጥንት ታምጣ!»

ቀበሮ በጭራው ፊቱን ሸፈነ። ከአውሬው መሐል አንዱ ሳቀ፤ አንዱ ተቆጣ፤ እመት ሚዳቋ አለቀሰች።

አያ አንበሶ አልሳቀም። «ፍርዱን ራሱ ፈረደ» አለ። ሱቁ ተዘጋ። ጅቦ አጥንቷን በአፉ ይዞ እያጉረመረመ ገደሉን ወረደ። ቀበሮም ሳይሰናበት ሹልክ ብሎ ጠፋ።

ንጉሡ ወደ አህያ ዞረ።

«እመት አህያ፣ ምን ልሸልምሽ?»

«ሽልማት ምን ያደርግልኛል ንጉሥ ሆይ? ቀለቤ አይቋረጥብኝ። ከኮረብታው ወዲያ ሌላ ሱቅ ተከፍቷል አሉ፤ ነገ በጠዋት መሄድ አለብኝ።»

ከዚህ የምንማረው፣ ልጆቻችንን የሚጠብቅልንን ከጎተራችን ካላበላነው፣ እንዲቆጣጠረው የላክንበት ሰው አብልቶ የራሱ እንደሚያደርገው ነው።