በሐኪም ቤቱ ግቢ የተቆፈረው ጉድጓድ

አንዲት ሐኪም ነበረች። ፍቅርተ፣ «ይህች ተማሪ ምንም አይገባትምና ከክፍሌ ላስወጣት ወይ?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። መልሱ እዚህ ታሪክ ውስጥ ስላለ ሳታቋርጪኝ ስሚ።

ሐኪሟ አንጎሉ የተጎዳ ሰው ምን እንደሚጎድለውና ምን እንደሚተርፈው በማጥናት በአገሩ የመጀመሪያዋ ነበረች። ባልደረቦቿ ከበሽተኞቿ ጋር አብራ አበደች እያሉ ይስቁባታል። እሷ እቴ፣ ዞር ብላም አታያቸው።

አንድ ቀን ጭንቅላቱ ውስጥ ደም የፈሰሰበት ሸማኔ መጣ። ሌሎቹ ሐኪሞች እርሳስ ሰጥተው ሥዕል ቅዳ አሉት፤ አቃተው። የእንጨት ቁርጥራጭ ገጣጥም አሉት፤ በተነው። በቃ፣ አእምሮው አልቋል ብለው ፈረዱበት። ታናሽ ወንድሙም እንግዲህ የማይሠራበትን የሽመና ዕቃ ልውሰደው አለ። ሚስቱ ዕቃው ከቤት ከወጣ ባሌ አይተርፍልኝም ብላ የሐኪሟ እግር ላይ ወደቀች።

ሐኪሟ ሰውዬው እርሳስ ይዞ ያውቅ እንደሆነ ጠየቀች። ይዞ አያውቅም። ወዲያው ዕቃው ወደ ሐኪም ቤቱ እንዲመጣ አደረገች። የእኛ አገር ሸማኔ ደግሞ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ሳይከት አይሠራም። አካፋ ተዋሰችና ግቢው ውስጥ፣ አበባው መካከል መቆፈር ጀመረች። የሐኪም ቤቱ ኃላፊ እየሮጠ መጣ።

«ዶክተር፣ ምን እየሠራሽ ነው?»

«የመመርመሪያ ክፍል» አለችና መቆፈሯን ቀጠለች።

ሸማኔው ገብቶ ተቀመጠ። እጁ መወርወሪያውን አልረሳም። ጥለቱ ላይ ሲደርስ ግን የቀኙን ግማሽ አሳምሮ ሠርቶ፣ ግራውን ባዶ ትቶ ጨረስኩ አለ። ሐኪሞቹ አላልንም ወይ ተባባሉ። እሷ ግን ደስ አላት፤ ጉዳቱን አገኘችው። ሰውዬው የጠፋበት አእምሮው ሳይሆን ግራው ነው፤ ዓይኑ ቢያይም በግራው በኩል ያለውን ልብ አይለውም። በጨርቁ ግራ ጠርዝ ደማቅ ቀይ ክር አሰረች።

«ቀዩን ሳታይ ጨረስኩ እንዳትል» አለችው።

ይረሳል፤ ታስታውሰዋለች። ይቆጣል፤ ትችለዋለች። ወራት አለፉ። አንድ ጠዋት ማንም ሳይነግረው አንገቱን ወደ ግራ አዞረ፣ ቀዩን ፈልጎ አገኘ፣ ጥለቱንም እዚያ ድረስ አደረሰው። ዕቃውን ተሸክሞ ወደ ቤቱ የመለሰለት ያው ታናሽ ወንድሙ ነው።

ፍቅርተ፣ ያቺ ተማሪሽ ሸማኔው ናት። በአንቺም እጅ እስካሁን ያለው የእነዚያ ሐኪሞች እርሳስ ነው። የማትችለውን ሁሉ ዘርዝረሽ ነገርሽኝ፤ የምትችለውን ግን ገና አልመረመርሽም። አታስወጫት። መጀመሪያ ጉድጓዱን ቆፍሪላት፤ የጎደላት የት እንደሆነ ያኔ ታዪዋለሽ። ቀዩን ክር የምታስሪውም እዚያ ላይ ነው።